ከሕፃን አንደበት የተወለደ ስም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል ያልሰማ ሰው በአገራችን አይገኝም። ይህን ምሳሌ የምንጠቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጀግና፣ ስለ ሊቅ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን አሳንጾ ድልድይ አሠርቶ ስላለፈ ባለጸጋ ስንጫወት ነው። እንግዲያውስ ስድስት ዓመት ሳይሞላት የሞተች፣ መጽሐፍ ያልጻፈች፣ ጦር ሜዳ ያልዋለች፣ አንደበቷ እንኳ ገና በደንብ ያልተፈታ አንዲት ሕፃን ከመቃብር በላይ የሚውል ነገር ትታ ልታልፍ ትችላለችን? እኔ በወጣትነቴ ይህን ብጠየቅ ኖሮ ሳላመነታ «አትችልም» ብዬ እመልስ ነበር። ዛሬ ግን አንድ የሴት ልጅ ስም ከየት እንደ መጣ ከተረዳሁ በኋላ መልሴን ለውጫለሁ። ወጣቶች ሆይ፤ የዚህን ስም ታሪክ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስሙ ከሌላው ስም ስለሚያምር አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ለእኔ ተግሣጽ የሆነኝ ነገር ስላለ ነው።

ስሙ ዌንዲ ይባላል። በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራልያ ብዙ ሴቶች ይጠሩበታል። የአገራችን ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ ትርጉሙን አስቦ ነው፤ ከበደች፣ ዘነበች፣ ትዕግሥት፣ የሺእመቤት ብንል እያንዳንዱ ስም የወላጆቹን ምኞት ወይም ልጂቱ የተወለደችበትን ጊዜ ይናገራል። ስለዚህ የባዕድ አገር ስም ስንሰማ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። እኔም ዌንዲ የሚለውን ስም በመጽሐፍ ባገኘሁት ጊዜ ይህንኑ ጠየቅሁ። እንደ ማርታ ወይም እንደ ሶፍያ ከጥንት ቋንቋ የተወረሰ መስሎኝ ነበር። ምንጩን ሳገኘው ግን አንዲት ሕፃን አስተካክላ መጥራት ያቃታት አንድ ቃል ሆኖ ተገኘ። ታሪኩም እንደሚከተለው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ዊልያም ኧርነስት ሄንሊ የሚባል ባለቅኔ በ1849 ግሎስተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ የአጥንት ነቀርሳ ያዘውና የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቈረጠ። ኋላም ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሩ በተዛመተ ጊዜ በ1873 ወደ ስኮትላንድ ሄዶ፣ በኤዲንብራ ከተማ ጆሴፍ ሊስተር በተባለው ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም እጅ ገባ። ሊስተር ቍስል እንዳያመረቅዝ በመድኃኒት መጠበቅን ለዓለም ያስተማረ ሊቅ ነው። ሄንሊም እስከ 1875 በሆስፒታል ተኝቶ በብዙ ሥቃይ ቀኝ እግሩ ተረፈለት። እዚያው በተኛበት አልጋ አጠገብ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከተባለው ደራሲ ጋር ተወዳጀ። ስቲቨንሰን ቈየት ብሎ «የሀብት ደሴት» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ በአንድ እግሩ የሚሄደውን ብርቱውን የባሕር ወንበዴ የሣለው የሄንሊን ኀይልና ድምፅ አስቦ መሆኑን ራሱ ተናግሯል።

ሄንሊ በ1878 አገባ፤ ልጅ ግን ቶሎ አላገኘም። ካገባ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1888፣ ማርጋሬት ተወለደች። እርስዋም ለወላጆቿ የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጅ ሆነች። ይህን ያህል ዘመን ተጠብቃ የመጣች ልጅ በአባትዋ ዘንድ ምን ያህል የተወደደች እንደ ነበረች መናገር አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን ሄንሊ የጋዜጣ አዘጋጅ ስለ ነበረ ወጣት ደራስያን በዙሪያው ይሰበሰቡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ጄምስ ማቲው ባሪ ይባላል። ባሪ በ1860 በስኮትላንድ ውስጥ ኪሪሚዩር በምትባል ትንሽ ከተማ ከሸማኔ ቤት የተወለደ፣ ቁመቱ አጭር፣ በሰው መካከል ዐይን አፋር የሆነ ሰው ነበረ። ከሕፃናት ጋር ሲጫወት ግን ዐይን አፋርነቱ ይለቀው ነበር። ትንሿ ማርጋሬትም ይህን ሰው እጅግ ወደደችው።

እንግዲህ የስሙ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ ወዳጅ «ፍሬንድ» ይባላል፤ ሲቈላመጥ «ፍሬንዲ» ይሆናል። ማርጋሬት ባሪን «ማይ ፍሬንዲ»፣ ማለት «ወዳጅዬ» ብላ ልትጠራው ትፈልግ ነበር። ነገር ግን እንደ ብዙ ሕፃናት «ረ»ን መጥራት አቃታት። «ረ»ን «ወ» ስታደርገው ቃሉ «ፍዌንዲ» ሆነ፤ በባሪም ጆሮ «ዌንዲ» ሆኖ ቀረ። ትልቁ ሰው በዚህ አልሣቀባትም፤ «እንዲህ አይባልም» ብሎም አላረማትም። የሰጠችውን ስም እንደ ሰጠችው ተቀበለ።

ይህ ወዳጅነት ግን ዕድሜው አጭር ነበረ። ማርጋሬት በማጅራት ገትር ታማ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1894 ሞተች፤ ዕድሜዋም አምስት ዓመት ከአምስት ወር ነበረ። በቤድፎርድሺር አውራጃ፣ ኮኬይን ሃትሊ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተቀበረች። አባትዋም በ1903 ሲሞት ሥጋው ተቃጥሎ ዐመዱ በልጁ መቃብር ዐረፈ። እግሩ ሲቈረጥ ያልተሸነፈው ሰው የልጁን ሞት መሸከም እጅግ እንደ ከበደው ወዳጆቹ መስክረዋል።

ባሪ የሕፃን ሞት ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ከዚያ በፊት ነው። ባሪ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1867፣ ዳዊት የተባለው ታላቅ ወንድሙ በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ በደረሰ አደጋ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ። እናታቸው በሐዘን ታመመች። ከሐዘንዋ ጥቂት ያጽናናት አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም የሞተው ልጅ ከእንግዲህ አድጎ ከእርስዋ እንደማይለይ፣ ለዘለዓለም ልጅ ሆኖ እንደሚኖር ማሰቧ ነው። ይህን ባሪ ስለ እናቱ በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል።

ይህ ሁሉ በልቡ ተጠራቅሞ በመጨረሻ ቴአትር ሆኖ ወጣ። ዲሴምበር 27 ቀን 1904 ሎንዶን ውስጥ በዱክ ኦፍ ዮርክ ቴአትር ቤት «ፒተር ፓን» የተባለው ድርሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ፒተር ማደግን እንቢ ያለ፣ በአየር የሚበር ልጅ ነው። አንድ ሌሊት በመስኮት ወደ አንድ ቤት ገብቶ ከሰውነቱ የተለየውን ጥላውን ሲፈልግ፣ አንዲት ልጅ ከእንቅልፏ ትነቃና መርፌና ክር አምጥታ ጥላውን ትሰፋለታለች። ከዚያም ሁለቱን ወንድሞቿን ይዛ ወደ ሩቅ ደሴት አብራው ትበራለች፤ በዚያም እናት የሌላቸውን ልጆች ታስተኛለች፤ ተረት ትነግራቸዋለች፤ ልብሳቸውን ትጠግናለች። በመጨረሻም ወደ እናት ወደ አባትዋ ተመልሳ እንደ ሰው ሁሉ ታድጋለች። የዚህች ልጅ ስም ዌንዲ ነው።

አስተውሉ። ማደግ የማይፈልገው ፒተር ነው፤ ዌንዲ ግን ታድጋለች፤ ታገባለች፤ ትወልዳለች። በእውነተኛው ዓለም ለማደግ ያልታደለችው ማርጋሬት ናት። ባሪ ይህን ሆን ብሎ አስቦት እንደ ሆነ ልመሰክር አልችልም። ነገር ግን ቃሏን ለወሰደባት ሕፃን ያላገኘችውን ዕድሜ በመድረክ ላይ የሰጣት ይመስለኛል። አባትዋ ሄንሊ ይህን ቴአትር ሳያይ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀድሞ ሞቶ ነበር።

ብዙ ሰዎች «ዌንዲ የሚለውን ስም ባሪ ፈጠረው» ይላሉ። ይህ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በተጻፉ መዝገቦች ውስጥ በዚህ ስም የተጠሩ ጥቂት ሰዎች ይገኛሉ። በዌልስ አገር ደግሞ ግዌንዶለን የሚባል የቈየ የሴት ስም አለ፤ «ግዌን» ማለት ነጭ፣ ያማረች፣ የተባረከች ማለት ነው፤ እርሱንም አሳጥረው ዌንዲ የሚሉ አሉ። ስለዚህ ባሪ ስሙን ከባዶ አልፈጠረውም፤ ነገር ግን ከ1904 በፊት እንግዳ የነበረውን ስም የቤት ስም ያደረገው የእርሱ ቴአትር ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ እንዴት እንደ ተስፋፋ ማየት ይቻላል። ባሪ በ1911 ያንኑ ታሪክ በልብ ወለድ ጽፎ «ፒተርና ዌንዲ» ብሎ ሰየመው። በሚቀጥለው ዓመት በ1912 በቼሺር አውራጃ አንዲት ሕፃን ተወልዳ ዌንዲ ተባለች። ይህችም ኋላ ስመ ጥር ተዋናይ የሆነችው ዌንዲ ሂለር ናት፤ በ1958 በተሠራ ፊልም ውስጥ ባሳየችው ጥበብ የአሜሪካን የፊልም ሽልማት ኦስካርን አግኝታለች። ሙሉ ስሟ ዌንዲ ማርጋሬት ሂለር ነው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን የቆሙት በአጋጣሚ እንደ ሆነ እገምታለሁ፤ ማርጋሬት የተለመደ ስም ነውና። ቢሆንም ባነበብሁት ጊዜ ልቤ ተነክቷል።

ስሙ በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ባሉት ሃያ ዓመታት እጅግ የተወደደ ሆነ። በ1953 ዋልት ዲስኒ ታሪኩን በሥዕል ፊልም አውጥቶ በዓለም ሁሉ አሳየው። በአሜሪካም ስሙ እየበዛ ሄዶ በ1970 ገደማ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ከቴአትሩ የተነሣ የእንግሊዝ ሰዎች ልጆች የሚጫወቱበትን ትንሽ ቤት «የዌንዲ ቤት» ይሉታል፤ በደሴቱ ያሉት ልጆች በዌንዲ ዙሪያ ትንሽ ቤት ሠርተውላት ነበርና። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በግቢ ውስጥ የሚቆመው ተራ የእንጨት ቤት እንኳ በዚሁ ስም ይጠራል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1969 ዴቭ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ምግብ ቤት ከፍቶ «ዌንዲስ» አለው። ስሙን የወሰደው ከስምንት ዓመት ሴት ልጁ ነው። ልጂቱ የክርስትና ስሟ ሜሊንዳ ሲሆን፣ ትንሽ ሳለች አስተካክላ መጥራት አቅቷት «ዌንዳ» ስትል የቤት ስሟ ዌንዲ ሆኖ ቀረ። እነሆ ሰባ ዓመት ያህል ተራርቀው፣ በሁለት የተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ሁለት ሕፃናት በአንደበታቸው መታሰር አንድ ስም አወጡ። በሁለቱም ቤት ሕፃኗን የሚያዳምጥ ትልቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ግን ቃሉ ከአፍ እንደ ወጣ በነፈሰ ነበር።

የስሙ ታሪክ በዚህ አያበቃም። ባሪ የራሱ ልጅ አልነበረውም። በ1929 ከ«ፒተር ፓን» የሚገኘውን የደራሲነት መብት በሎንዶን ለሚገኘው ለግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሰጠ። ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ እንዳይነገር ለመነ፤ ሆስፒታሉም ቃሉን ጠብቋል። ባሪ በ1937 ሞተ። በሕጉ መሠረት ሃምሳ ዓመት ሲሞላ መብቱ በ1987 ሲያበቃ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1988 ባወጣው የደራስያን መብት ሕግ፣ ሆስፒታሉ በዚያ አገር ከቴአትሩ ገቢ ድርሻውን ያለ ጊዜ ገደብ እንዲያገኝ ወሰነ። እንግዲህ በሕመም የሞተች የአንዲት ሕፃን ቃል የታመሙ ሕፃናት መታከሚያ ሆነ ማለት ነው።

በአገራችን ዛሬ ወላጆች ለሴት ልጆቻቸው አዳዲስ ስም ሲያወጡ ሽማግሌዎች «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ስም ነው?» እያሉ ሲያማርሩ እንሰማለን። የዌንዲን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ እኔ በዚህ ማማረር አልተባበርም። አንድ ቀን አዲስ ያልነበረ ስም በምድር ላይ የለም። የጥንቱም ስም ቢሆን አንድ እናት ወይም አንድ አባት በመጀመሪያው ቀን ከአፋቸው አውጥተውታል። ነገር ግን አዲስ መሆን ብቻውን ክብር አይደለም። ጆሮ ስለ ጣመው ብቻ የተመረጠ ስም ጊዜው ሲያልፍ ያልፋል፤ ዌንዲም ቢሆን ከ1970ዎቹ ወዲህ እያነሰ ሄዶ ዛሬ ለሚወለዱ ሕፃናት በጥቂቱ ነው የሚወጣው። የስም መብዛትና ማነስ እንደ ልብስ ስፌት ነው፤ ይመጣል፤ ይሄዳል። የማያልፈው ስሙን ያወጣው ፍቅር ነው። የዌንዲ ትርጉም «ወዳጅ» ነው፤ ያወጣውም ወዳጅነት ነው።

አሁን ይህ ታሪክ እኔን የገሠጸበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከእኔ ብዙ የምታንስ አንዲት እኅት አለችኝ። አፏን ስትፈታ «ጋሼ» እንድትለኝ እናታችን አስተማረቻት። እርስዋ ግን «ገ»ንና «ሸ»ን መጥራት ስለማይሆንላት «ዳሴ» ትለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከበሩ ሳልደርስ «ዳሴ! ዳሴ!» እያለች ትሮጣለች፤ እኔም አንሥቼ እስማት ነበር። አንድ የበዓል ቀን የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሊጠይቁን መጥተው ሳለ እንደ ልማዷ እየጮኸች መጥታ እግሬን ያዘች። ጓደኞቼ «ዳሴ! ዳሴ!» እያሉ ተሳለቁብኝ። እኔም ዐፈርሁና ተቈጣሁ። «ሁለተኛ እንዲህ ብለሽ እንዳትጠሪኝ! አስተካክለሽ ጥሪ፤ ካልቻልሽ ዝም በይ» አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን የምትፈልገው ነገር ሲኖር ስሜን ሳትጠራ መጥታ የኮቴን ጫፍ ትስብ ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ አንደበቷ ተፈታና «ጋሼ» አለችኝ። እናታችን እልል አለች፤ እኔም ደስ አለኝ። እኅቴ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እስከ ዛሬም ድረስ «ጋሼ» እያለች በአክብሮት ትጠራኛለች፤ አንዳች የጐደለኝ አክብሮት የለም። ነገር ግን በዓለም ላይ ለእኔ ብቻ የተሠራ አንድ ስም ነበረኝ፤ እርሱንም በገዛ አፌ ገደልሁት። ባለፈው ዓመት የዌንዲን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ «ትንሽ ሳለሽ ምን ብለሽ ትጠሪኝ እንደ ነበረ ታስታውሻለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «ጋሼ ነዋ! ሌላ ምን ልል ኖሯል?» አለችኝ። እርስዋ ረስታዋለች፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

ባሪም እኔም ከሕፃን አፍ ስም ተሰጥቶን ነበር። እርሱ የተሰጠውን ጠበቀው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ለዓለም አካፈለው። እኔ ግን ለጓደኞቼ ሣቅ ብዬ ጣልሁት። ልዩነታችን በትምህርት ወይም በሀብት አይደለም፤ በማዳመጥ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ እናንተ አሁን የተማራችሁ ናችሁ። ፊደሉን ከነስልቱ፣ ቃሉን ከነሰዋስዉ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቃል የሚሰብር ሰው ስትሰሙ ለማረም ትቸኵላላችሁ። ማረም መልካም ነው፤ ትምህርትም ያለ እርማት አይሆንም። ነገር ግን የሚያርም ሰው አስቀድሞ የሚናገረውን ሰው ልብ ይስማ። ታናሽ እኅታችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ ስማችሁን አበላሽቶ ሲጠራ፣ አንደበቱ የማይችለውን ሸክም የተሸከመው ስለሚወዳችሁ ነው። ሸክሙን ተቀበሉት እንጂ አትሣቁበት። አንደበት በጊዜው ይፈታል፤ ጊዜውን ጠብቆ የማይመለሰው ያን ቃል የወለደው ልብ ነው።

ማርጋሬት ሄንሊ ከሞተች ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። በየአገሩ «ዌንዲ» ብሎ ልጁን፣ ሚስቱን፣ እናቱን የሚጠራ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የእርስዋን ቃል ይናገራል፤ ቃሉም አሁንም «ወዳጅዬ» ማለት ነው።